ትንሿ ኦሌድ ስክሪን አልበራ ስትላችሁ፦ ጀርባዋን ከማንበብ እስከ ሀበሻ ሰዓት

ይቺን ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ስክሪን ገዝታችሁ፣ አራቷን ሽቦ አርዱዪኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ ቦርድ) ላይ ሰክታችሁ፣ ኮድ ጭናችሁ፣ ከዛ ጭልም ብላ ከቀረች አይዟችሁ፣ ሁሉም ሰው እዛ ጋ አልፏል። እኔ ራሴ የመጀመሪያዋን በ3 ሰከንድ ነው የገደልኳት። ሁለተኛዋን ደሞ ሳትሞት ሞታለች ብዬ 2 ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ጥያት ነበር፣ በኋላ ሲጣራ ኮዱ ላይ መቀየር የነበረባት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ከዛ ወዲህ የያዝኩት ልማድ አንድ ነው፣ ኮድ ከመንካቴ በፊት ስክሪኗን ገልብጬ ጀርባዋን አነባለሁ። የሚፈለገው ነገር አብዛኛው እዛ ላይ አለ፣ እኛ ግን ፊቷ ስለሚያምር ጀርባዋን ማንም አያያትም።

ስለ ኦሌድ ብዙ ቲዎሪ አላወራም። ዋናው ነገር እያንዳንዷ ፒክስል የራሷን መብራት ነው የምታበራው፣ እንደ ኤልሲዲ ከኋላ የሚበራ አምፖል የለም፣ ስለዚ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ደሞ ከሩቅ ትነበባለች። በዛው ልክ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካወጣችኋት ደብዝዛ ነው የምትታያችሁ፣ ስለዚ ለደጅ ፕሮጀክት ጥላ አስቡላት። አሁን ባለበት መልኩ መስራት የሚችል ኦሌድ ያሳዩት በ1987 ኮዳክ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው፣ አዎ ያ የፎቶ ፊልሙ ኮዳክ።

መጀመሪያ፣ የትኛዋን ነው የያዛችሁት?

በብዛት የምትገኘው 0.96 ኢንች የምትባለው ናት፣ 128 በ64 ፒክስል፣ የምትነዳት ቺፕ ኤስኤስዲ1306 ትባላለች። ከሷ ቀጠን ያለች 0.91 ኢንች ደሞ አለች፣ ስፋቷ ያው 128 ነው ቁመቷ ግን 32፣ ቺፗም ያቺው ናት። እነዚህ ሁለቱ ጋ ብዙም ራስ ምታት የለም፣ ኮዱ ላይ ቁመቱን በትክክል መጻፍ ብቻ ነው። ባለ 32ቷን 64 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጽሁፉ መስመር እየዘለለ የተቆራረጠ ሆኖ ይመጣል፣ ያንን ካያችሁ ስክሪኗ ተበላሽታ አይደለም ቁጥሩ ነው።

ሰው የምታሳብደው ሶስተኛዋ ናት፣ 1.3 ኢንቿ። ቁርጥ የ0.96ቷ ታላቅ እህት ትመስላለች፣ እሷም 128 በ64፣ እሷም አራት ፒን፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጧ ያለችው ቺፕ ኤስኤች1106 ናት። ይቺ ቺፕ ሚሞሪዋ 132 ኮለም (ዓምድ) አለው፣ እኛ የምናየው መሀል ያሉትን 128ቱን ነው፣ በዛ ላይ የኤስኤስዲ1306 ኮድ ዳታውን የሚልክበትን አንዱን ዘዴ ጭራሽ አታውቀውም። ስለዚ የ1306 ላይብረሪ (ስክሪኗን የሚያናግር ዝግጁ ኮድ) ከጫናችሁባት ስክሪኗ ድሮ አንቴናው ያልተስተካከለ ቴሌቪዥን የሚያሳየውን ዓይነት ነጠብጣብ ይሞላባታል፣ ወይ ደሞ ጽሁፉ ይመጣና 2 ፒክስል ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ጠርዝ ላይ አንድ የተጨማለቀ መስመር ይቀራል። ሁለቱም ምልክት አንድ ነገር ነው የሚላችሁ፣ ቺፗ ሌላ ናት። ሻጩ "1306 ነው ወንድሜ" ቢላችሁም አትመኑት፣ እሱም የነገሩትን ነው የሚነግራችሁ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ባለ ሁለት ከለር የምትባለው አለች፣ ቢጫና ሰማያዊ። ብዙ ሰው ከለሩን በኮድ የሚመርጥ ይመስለዋል። አይመረጥም። ከላይ ያሉት 16 ረድፎች ሁሌም ቢጫ ናቸው፣ ከታች ያሉት 48ቱ ሁሌም ሰማያዊ፣ መሀላቸው ደሞ ትንሽ ክፍተት አለ። ሙሉ ምስል ለማሳየት ትደብራለች፣ ከላይ ርዕስ ከታች ቁጥር ለሚል ነገር ግን እኔ ከነጯ ይልቅ እሷን ነው የምወዳት፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

አሁን ጀርባዋን ገልብጡ

የመጀመሪያው የሚነበበው ፒኖቹ አጠገብ የተጻፈው ነው። አራት ፒን ካላት አይቱሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚያወሩበት መንገድ) ናት፣ ጂኤንዲ (ኔጌቲቩ)፣ ቪሲሲ (ፖዘቲቩ)፣ ኤስሲኤልና ኤስዲኤ (የወሬው ሽቦዎች)። ሰባት ካላት ኤስፒአይ ናት፣ ሽቦው የሚበዛ ግን የሚፈጥን ሌላ መንገድ። ከአራቷ ፒን ጋ ያለው ጉድ ምን መሰላችሁ፣ ተራው ከአንዱ ሞጁል ወደ ሌላው ይቀያየራል! አንዷ ላይ ጂኤንዲ መጀመሪያ ነው ቪሲሲ ሁለተኛ፣ ሌላዋ ላይ ቪሲሲ መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዋን የገደልኳት እንደዚ ነው፣ ቪዲዮ ላይ ያለውን ሰውዬ እያየሁ በሱ ተራ ሰካሁ፣ የኔዋ ተራዋ ሌላ ነበር፣ ጣቴን ሳስቀምጥባት ፈላች፣ በቃ። ስለዚ የማንንም ስዕል አትከተሉ የኔንም ጨምሮ፣ የራሳችሁ ሞጁል ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ሰኩ። ኤስሲኤልና ኤስዲኤን ብትቀያይሩ ምንም አይሆንም ዝም ትላለች እንጂ አትቃጠልም፣ ቪሲሲና ጂኤንዲ ግን ይቅርታ አያውቁም።

ሁለተኛው፣ እዛው ጀርባዋ ላይ ትንሽ ባለ ሶስት እግር ቁራጭ ፈልጉ፣ ብዙዎቹ ላይ 662ኬ ይላል። ይሄ 5 ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርድ ሬጉሌተር ነው። እሱ ካለ ከ3.3 እስከ 5 ቮልት ብትሰጧት ችግር የለም፣ ከሌለ 3.3 ብቻ፣ ምክንያቱም ቺፗ ራሷ ሎጂኳ ከ3.3 በላይ አትፈልግም። ኢኤስፒ32 ወይም ኢኤስፒ8266 (እነሱም እንደ አርዱዪኖ ኮድ የሚጫንባቸው ቦርዶች ናቸው) ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፣ ቦርዱ ራሱ 3.3 ስለሆነ ሁሉንም 3.3 ላይ አድርጉትና ተገላገሉ።

ሶስተኛው አድራሻው ነው፣ እኔን 2 ሳምንት ያስፈረደብኝ። ብዙዎቹ ሞጁሎች ጀርባ ላይ "አድራሻ ምረጥ" ከሚል ጽሁፍ ጋ 0ኤክስ78 እና 0ኤክስ7ኤ (0ኤክስ ማለት ቁጥሩ በሄክሳ፣ በ16 የሚቆጠር ነው) ተጽፎ አንዷ ላይ ሚጢጢ ሬዚስተር ተበይዳለች። እሺ ብላችሁ ኮዱ ላይ 78 ትጽፋላችሁ፣ ዝም። ለምን? አይቱሲ ላይ አድራሻው 7 ቢት ነው፣ ከኋላው አንድ ቢት ይጨመርበታል፣ ልጽፍ ነው ወይስ ላነብ ነው የምትለዋ። ሞጁሉ ላይ ያተሙት ይቺን ቢት ጨምረው ነው፣ አርዱዪኖ ግን ያለሷ ነው የሚፈልገው። ስለዚ 78 የተባለው በአርዱዪኖ ቋንቋ 0ኤክስ3ሲ ነው፣ 7ኤ የተባለው 0ኤክስ3ዲ። በሄክሳ ግማሹ ማለት ነው በአጭሩ። ዩ8ጂ2 የሚባለው ላይብረሪ ደሞ በተቃራኒው ትልቁን ቁጥር ነው የሚጠቀመው፣ እዛ ላይ አድራሻ መቀየር ካስፈለጋችሁ በ2 አባዝታችሁ ስጡት።

ጀርባዋን እያያችሁ እግረ መንገዳችሁን ፒኖቹ ሶልደር መደረጋቸውንም (መበየዳቸውንም) እዩ። አንዳንዷ ፒኗ ለብቻ በከረጢት ነው የምትመጣው፣ ሰው ቀዳዳው ውስጥ ብቻ ሰክቶ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ያስቀምጣትና "አንዳንዴ ትሰራለች አንዳንዴ አትሰራም" ይላል። ያለ ሶልደር አትሰራም፣ ሰራች ብትሉም እድል ነው። ሶልደር ስታደርጉ ከታች በኩል ያለችውን ቡናማዋን ስስ የፕላስቲክ ኬብል ጠብቋት፣ መስታወቱን ከቦርዱ ጋ የምታገናኘው እሷ ናት፣ ከተቀደደች ወይ በብየዳ ብረት ከተነካች ጥገና የሚባል ነገር የላትም። መስታወቱም ስስ ነው፣ አራቱ ቀዳዳ ላይ ብሎን አጥብቃችሁ ካሰራችኋት ቋ ትላለች፣ ላላ አድርጓት።

ሽቦው

ኡኖና ናኖ የሚባሉት አርዱዪኖዎች ላይ ኤስዲኤ ወደ ኤ4፣ ኤስሲኤል ወደ ኤ5። ሜጋ ላይ 20 እና 21። መደበኛው ኢኤስፒ32 ላይ ኤስዲኤ 21፣ ኤስሲኤል 22። ኢኤስፒ8266 ኖድኤምሲዩ ላይ ኤስዲኤ ዲ2፣ ኤስሲኤል ዲ1፣ እዚ ጋ ተራው ግልብጥ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢኤስፒ32 ሲ3 ምናምን የሚባሉት ትናንሾቹ ቦርዶች እንደየአምራቹ ስለሚለያዩ ፒኑን ራሳችሁ ዋየር ቢጊን (Wire.begin) የሚለው መስመር ላይ ጻፉለት። ሽቦው አጭር ይሁን፣ አይቱሲ የተሰራው እዛው ቦርድ ላይ ያሉ ቺፖች እንዲያወሩበት ነው፣ ስክሪኗን ሳሎን አድርጌ አርዱዪኖውን ጓዳ ልተው ብትሉ ፊደሉ መዘበራረቅ ይጀምራል።

ከዛ አሁንም ስክሪን ኮድ አትጫኑ! መጀመሪያ አይቱሲ ስካነር ነው የሚጫነው። አጭር ኮድ ናት፣ ኢንተርኔት ላይ በስሟ ብትፈልጓት ትመጣለች፣ ሁሉንም አድራሻ እያንኳኳች ማን አለ ትላለች፣ የመለሰውን ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከው ጽሁፍ ኮምፒውተር ላይ የሚታይበት መስኮት) ላይ ትጽፍላችኋለች። 0ኤክስ3ሲ ብላ ከጻፈች ሽቦው ልክ ነው፣ ስክሪኗም በሕይወት አለች፣ ከዚ በኋላ ያለው ችግር ሁሉ የኮድ ነው ማለት ነው። ምንም አልተገኘም ካለች ደሞ ኮድ ላይ አንድ ደቂቃ አታባክኑ፣ ሽቦ ነው፣ ሶልደር ነው፣ ወይ ሞታለች። ቴስተር ካላችሁ ቪሲሲና ጂኤንዲ መሀል ቮልት መኖሩን ለኩ፣ ጃምፐር ሽቦ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ስንቴ አጋጥሞኛል መሰላችሁ።

ላይብረሪና የታወቀው ወጥመድ

ሁለት ላይብረሪ ነው ሰው የሚጠቀመው። አዳፍሩት የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት የሰራው ኤስኤስዲ1306 ለጀማሪ ቀላል ነው፣ ጂኤፍኤክስ የሚባለውን አብሮ ይፈልጋል። ዩ8ጂ2 ደሞ ስሙ ቢያስፈራም በጣም ብዙ ቺፕ ያውቃል፣ ኤስኤች1106ንም ጨምሮ፣ የፎንት ብዛቱም ሌላ ነው። 1.3 ኢንች ከያዛችሁ በቀጥታ ወደሱ ሂዱ።

የአዳፍሩትን ኤክዛምፕል ስትከፍቱ 128 በ64 አይቱሲ የሚለው ላይ አድራሻው 0ኤክስ3ዲ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ምክንያቱም የራሳቸው የአዳፍሩት ሞጁል እንደዛ ስለሆነ። እኛ እጅ የሚገባው ርካሹ ሞጁል ግን አብዛኛው 3ሲ ነው። ያቺ አንዲት ፊደል ያልኳችሁ ይቺ ናት፣ ዲዋን ሲ ማድረግ። ሌላው የሚያሳስተው ደሞ ስክሪኗን የሚያስነሳው ቢጊን የሚለው ፈንክሽን እሺ ብሎ መመለሱ ስክሪን አለ ማለት አይደለም፣ ስክሪኗን ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ ብትከቷትም እሺ ይላል። እሱ የሚያየው ሚሞሪ ማግኘቱን ነው። በተቃራኒው ሲሪያል ላይ አሎኬሽን ፌይልድ የሚል ካያችሁ ሽቦ አትነካኩ፣ ሚሞሪ ነው ያለቀው።

ስለ ሚሞሪው ትንሽ ልዘርዝር፣ ኡኖ ላይ የምትሰሩ ሁላችሁ አንድ ቀን ትደርሱበታላችሁ። 128 በ64 ማለት 8192 ፒክስል ነው፣ ለ8 ሲካፈል 1024 ባይት። ላይብረሪው ይሄን ሙሉ ስዕል ራም (ኮዱ ሲሰራ የሚጠቀምበት ሚሞሪ) ላይ ይዞ ነው የሚሰራው። ኡኖ ያለው ራም በጠቅላላ 2048 ነው። ግማሹ ሄደ። ከዛ ኤስዲ ካርድ ጨምሩበት፣ ላይብረሪው ለራሱ 512 ባይት ይይዛል፣ አሁን የቀራችሁ 512 ነው፣ ከሷ ላይ ሲሪያልና የቀረው ኮዳችሁ ሊኖር ነው። የሚያናድደው ደሞ ኮምፓይል ስታደርጉ የሚመጣው ሪፖርት ያቺን 1024 አያሳያችሁም፣ ምክንያቱም ቦታው የሚያዘው ቦርዱ ሲነሳ ነው፣ ስለዚ "40 ፐርሰንት ነው የተጠቀምኩት፣ ምን ሆኖ ነው" እያላችሁ ፀጉር ትነጫላችሁ። መፍትሄው፣ ፕሪንት የምታደርጉትን ጽሁፍ ሁሉ በኤፍ ቅንፍ F( ) ውስጥ ክተቱት፣ ፍላሽ (ኮዱ ራሱ የሚቀመጥበት ሚሞሪ) ላይ ይቀራል። ካልበቃ ዩ8ጂ2 ስክሪኑን በገጽ በገጽ የሚስልበት ሞድ አለው፣ 1 የሚል ቁጥር ስሙ ውስጥ ያለው ኮንስትራክተር (ስክሪኗን ለላይብረሪው የምታስተዋውቁበት መስመር) 128 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ትንሽ ይዘገያል ግን ይሰራል። ጽሁፍ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ዩ8ኤክስ8 የሚባለው ክፍሉ ጭራሽ በፈር (ስዕሉ ራም ላይ የሚያዝበት ቦታ) አይፈልግም። ኢኤስፒ32 የያዛችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉት፣ እናንተ ሀብታም ናችሁ።

ኮዱ ራሱ አሰራሩ እንደዚ ነው፦ የምትስሉት ነገር መጀመሪያ ራም ላይ ነው የሚሳለው፣ ስክሪኗ ላይ የሚወጣው ዲስፕሌይ የሚለውን ፈንክሽን ስትጠሩ ነው። እሱን ረስተው "ፕሪንት አድርጌ ምንም አልመጣም" የሚሉ ብዙ ናቸው። ክሊር ካላደረጋችሁ ደሞ አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ላይ ይደረባል፣ 8 የሚመስል ነገር ብቻ ታያላችሁ። የአዳፍሩት አርማ ሳትፈልጉት መጀመሪያ ላይ ብቅ የሚለውም በዚው ምክንያት ነው፣ በፈሩ ውስጥ ተሞልቶ ነው የሚነሳው፣ ክሊር አድርጉት። የጽሁፍ ከለር መምረጥም አትርሱ፣ ሳትመርጡ ከጻፋችሁ ምንም ላይታይ ይችላል። ትንሹ ፎንት 6 በ8 ነው፣ ስለዚ አንድ መስመር 21 ፊደል፣ 8 መስመር ትይዛለች።

ፍጥነት ለምትፈልጉ፣ ለጌም ምናምን፣ አይቱሲ ትንሽ ይከብደዋል። በ400 ኪሎ ኸርዝ እንኳ አንድ ሙሉ ስክሪን ለመላክ ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በ100 ከሆነ ደሞ አራት እጥፍ። ባለ ሰባት ፒኗ ኤስፒአይ ለዛ ናት። ለሙቀት፣ ለሰዓት፣ ለባትሪ መጠን ግን አይቱሲ ከበቂ በላይ ነው፣ ሶስት ትርፍ ሽቦ ለምን ትጎትታላችሁ።

አንድ የቀረ በሽታ፣ ዩኤስቢ ስትሰኩ አትበራም፣ ሪሴት ስትነኩ ግን ትበራለች። ይሄ ማለት ቦርዳችሁ ከስክሪኗ ቀድሞ ነቅቶ ማውራት ጀምሯል፣ እሷ ገና ዓይኗን እያሸች ነው። ቢጊን ከማለታችሁ በፊት ዲሌይ 250 አድርጉላት፣ ያልቃል።

አማርኛስ?

አሁን ወደምወደው ክፍል ገባን። ስክሪኗ ከሰራች በኋላ ሁላችንም የምናደርጋት ነገር አለች፣ "ሰላም" ብለን እንጽፋለን። የሚወጣው የማይታወቅ ምልክት ነው። ለምን ቢባል የኛ ፊደል አንዷ በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በባይት በሚጽፍበት ዘዴ) ሶስት ባይት ናት፣ የአዳፍሩት ላይብረሪ ደሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ነው የሚያየው፣ ስለዚ "ሰላም" ሶስት ፊደል ሳይሆን ዘጠኝ እንግዳ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

ሁለት መንገድ አለ። ከባዱ ለዩ8ጂ2 የራሳችሁን ፎንት ማዘጋጀት ነው፣ ዩኒፎንት የሚባለው ነጻ ፎንት የግዕዝ ፊደል አለው፣ ቢዲኤፍኮንቭ በሚባለው የላይብረሪው መሳሪያ የምትፈልጓቸውን ፊደሎች ብቻ መርጣችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ ከዛ ድሮውዩቲኤፍ8 (drawUTF8) በሚለው ፈንክሽን እንደ ልባችሁ ትጽፋላችሁ። ቀላሉ ደሞ፣ እኔ የምጠቀመው፣ እያንዳንዱን ፊደል 16 በ16 ስዕል ማድረግ ነው። ካሬ ደብተር ላይም ይሳላል፣ ወይ ኮምፒውተር ላይ ጽፋችሁ ስዕል ወደ ኮድ የሚቀይር ድረ ገጽ ላይ ትጭኑታላችሁ። አንድ ፊደል 32 ባይት ትይዛለች። ሙሉውን ፊደል ገበታ፣ 33 በ7፣ 231 ፊደል ብታስገቡ እንኳ 7392 ባይት ነው፣ የኡኖ ፍላሽ 32 ኪሎ ስለሆነ ይችለዋል፣ ፕሮግሜም (PROGMEM፣ ፍላሹ ላይ አስቀምጥ የምትል ቃል) ላይ ማስቀመጥ ብቻ እንዳትረሱ አለበለዚያ ራሙን ትውጠዋለች። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ላይ ፊደላችን ሀ ብሎ ከ1200 በሄክሳ ይጀምርና ለእያንዳንዱ ፊደል 8 ቦታ ነው የተተወው፣ ስለዚ ሰባቱ ቤቶች በተርታ ይመጣሉ፣ ቁጥሩን ለ8 አካፍላችሁ የትኛው ፊደል እንደሆነ፣ በቀሪው ደሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይሁን ሳብዕ ማወቅ ይቻላል። የኔታ ያስቆጠሩን ያው እኮ ነው በሌላ መልኩ።

ፊደሉ ተቆራርጦ የተገለበጠ ከመሰላችሁ የባይቱ አቅጣጫ ነው። የአዳፍሩቱ ድሮውቢትማፕ (drawBitmap) የሚለው ፈንክሽን ትልቁን ቢት ከግራ ነው የሚጠብቀው፣ የዩ8ጂ2 ኤክስቢኤም ደሞ ትንሹን። ለአንዱ ያዘጋጃችሁትን ለሌላው ከሰጣችሁ እያንዳንዷ 8 ፒክስል ግራና ቀኝዋ ይቀያየራል።

የሀበሻ ሰዓት እንስራበት

ኢንተርኔት ላይ ያለው የሰዓት ፕሮጀክት ሁሉ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እናቴ ደሞ ግድግዳ ላይ 7 የሚል ነገር አይታ "ገና ከንጋቱ አንድ ሰዓት ነው እኮ" ነው የምትለኝ። ዲኤስ3231 የምትባል የሰዓት ሞጁል ጨምሩ፣ መብራት ሲጠፋ በራሷ ባትሪ ቆጠራዋን ስለምትቀጥል ለኛ ሀገር ግዴታ ናት፣ ልክነቷም በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ቢሳሳት ነው። እሷም አይቱሲ ስለሆነች በዛችው ኤስዲኤና ኤስሲኤል ላይ ነው የምትሰካው፣ ተጨማሪ ፒን የለም። አድራሻዋ 0ኤክስ68 ነው፣ ስካነሩ ላይ 57 የሚልም ካያችሁ አትደንግጡ፣ ሞጁሉ ላይ ያለች የሚሞሪ ቺፕ ናት።

ባትሪዋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰማያዊዋ የተለመደችው ሞጁል ቻርጅ የምታደርግበት መስመር አላት፣ ቻርጅ የማይደረገውን ሲአር2032 ከታችሁ በ5 ቮልት ከነዳችኋት ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ወይ በ3.3 አንቀሳቅሷት ወይ 201 የሚል የተጻፈባትን ሬዚስተር አንሱት።

አሁን ሂሳቡ። ሰው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ላይ 6 ደምሮ 12 ሲያልፍ ቀንሶ ነው የሚሰራው፣ ልክ ይመጣል ግን ቀኑ ይበላሻል። አርብ ማታ ተኝታችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብትነሱ ለናንተ ያው የአርብ ሌሊት ነው፣ ለሞጁሏ ግን ሌሊት 6 ላይ ቅዳሜ ገብቷል። ስለዚ አትደምሩ፣ ቀንሱ። አርቲሲ (የሰዓት ሞጁሏ) ላይብረሪው ላይ ከሙሉው ጊዜ 6 ሰዓት ስትቀንሱ ሁለቱም አብረው ይስተካከላሉ። ቀኑ የሚቀየረው ንጋት 12 ላይ ይሆናል፣ ሰዓቱን ደሞ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ትወስዳላችሁ፣ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ትጽፋላችሁ። ጠዋት 7 የነበረው ተቀንሶ 1፣ ከሰዓት 13 የነበረው 7፣ ማታ 20 የነበረው 14 ከዛ ቀሪው 2። አሪፉ ነገር ደሞ ይሄን የተቀነሰውን ሰዓት ለ6 ስታካፍሉት ዜሮ ከመጣ ጠዋት፣ 1 ከመጣ ቀን፣ 2 ከመጣ ማታ፣ 3 ከመጣ ሌሊት ነው። አንድም ኢፍ (እንዲህ ከሆነ የሚል መስመር) ሳትጽፉ። ይሄን ያገኘሁ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ።

የሳምንቱን ቀናትና እነዚህን አራት ቃላት ለመጻፍ የሚያስፈልጋችሁ 27 ፊደል ብቻ ነው፣ 864 ባይት። አሁን ቢጫዋን ስክሪን ለምን እንደምወዳት፦ ረጅሙ "ማክሰኞ" 4 ፊደል፣ አንድ ክፍተት፣ "ሌሊት" 3 ፊደል፣ 8 ሲባዛ በ16 ልክ 128። ቁመቱ 16፣ ቢጫዋም 16 ረድፍ። ለኛ የተሰራች ነው የምትመስለው። ከስር ሰማያዊው ላይ ሰዓቱን በቴክስት ሳይዝ 3 አድርጉት፣ 12:45 የሚለው 90 ፒክስል ይወስዳል፣ 38 ይተርፋችኋል።

የተረፈችውን አትሙሏት፣ ትፈለጋለች። ኦሌድ አንድ ቦታ ላይ ያለማቋረጥ የበራ ፒክስል ከሌሎቹ ቀድሞ ያረጃል፣ ከወራት በኋላ ሰዓቷን ስታጠፏት ሁለቱ ነጥቦች ጥላቸው ቀርቶ ታዩታላችሁ። ስለዚ በየደቂቃው ቁጥሩን 1 ወይ 2 ፒክስል ወደ ጎን ወዝወዝ አድርጉት፣ ማንም አያስተውለውም። ማታ ዲም የሚለውን የማደብዘዣ ፈንክሽን ጥሩ፣ ሌሊት የሚለው ቃል ሲመጣ ደሞ ጭራሽ አጥፏትና ቁልፍ ሲነካ ለ10 ሰከንድ ብቻ ትብራ። ስክሪኗ የምትበላው ከረንት በበሩት ፒክስሎች ብዛት ስለሚወሰን በባትሪ ለምትሰሩም ይሄው ይጠቅማችኋል፣ ነጭ ጀርባ ላይ ጥቁር ጽሁፍ የሚለውን ፋሽን እዚ አታምጡት።

ሰዓቱን መጀመሪያ ስትሞሉ አጀስት የምትለዋን መስመር ተጠቅማችሁ ወዲያው አጥፏትና ኮዱን እንደገና ጫኑት። እሷን ከተዋችኋት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቷ ኮዱን ኮምፓይል ወዳደረጋችሁበት ደቂቃ ትመለሳለች፣ እናታችሁም ደውላ "ይቺ ሰዓትህ ዛሬም አርብ ነው ትላለች" ትላችኋለች።